ድራምህ ጓዳ ነው

ሙስዓብ፣
ድራምህን ጓዳ አስገብቼዋለሁ፤ በረንዳው ላይ ዝናብ እየመታው ነበር።

ፈጅር ሰግደህ መልሰህ እንደተኛህ ቡሽራ የባንዳችሁን ልጆች በማኪና ጭኖ መጣ። አዲስ አበባ የፓንክ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ተጫወቱ ተብላችኋል።
«አያ ሷሊሕ፣ ሙስዓብን ቀስቅሱልን» አለኝ።
«ኮላ ድባ ወርዷል» አልኩት።
«ምነው ዛሬ? እንግዲያው ድራም የሚመታ እዚያው አዲስ አበባ እንፈልጋለን» ብሎ ሄደ።
ይህን ስታነብ ወረታን አልፈዋል።

ሞባይልህ ሲጮህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትራሴ ሥር አለልህ።

ልጄ ዐብዱልከሪምም አዲስ አበባ የሄደው ለአንድ ሳምንት ብሎ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የተኛህበት አልጋ የሱ ነው።

አዘዞ እህቴ ዘንድ ነኝ። እስከ ጁምዓ አልመጣም።
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።
ድራሙንም እንደ ልብህ ምታ። የሚቆጣህ የለም። የሚሰማህም የለም።