ባዮጋዙ እስኪነድ

ግንቦት 6 ቀን 2003
ዛሬም እንደ ወትሮው። ላሞቹን አለብኩ፣ እበቱን ዛቅኩ፣ ገንዳው ውስጥ በውሃ በጥብጬ ወደ ባዮጋዙ ጉድጓድ ለቀቅኩት። ከጀመርኩ አርባኛ ቀኔ። ክብሪት ጫርኩ... ምድጃው ዝም። ደምመላሽ፣ የግብርናው ባለሙያ፣ በወር ይነዳል ብሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ለሥልጠና የላከኝም እሱ ነው። "ኩበት ማቃጠል ቀረ ማለት ጭሱ ቀረ፣ ዛፉም ተረፈ። ዝቃጩ ለማሳሽ ማዳበሪያ ነው" አለ። አመንኩት። ከቀበሌው የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ምነው ሁለተኛ በሆንኩ...

ግንቦት 14
አልነደደም።

ግንቦት 19
አንድም ኩበት አልጠፈጠፍኩም። እበቱ ሁሉ ጉድጓድ ገብቷል። ክረምቱን በምን ልናበስል ነው?
ኑርሁሴን እራት ላይ "እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልነደደ ዋንዛውን እቆርጠዋለሁ" አለኝ። ባሌ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። እሱ ነው ያስፈራኝ። ዋንዛውን የተከሉት ሟቹ አባቱ ናቸው። አማቴ ሰዒዳ ዛሬም ከሥሩ ነው የሚሰግዱት። ሰምተዋል።

ግንቦት 27
"እማዬ፣ ሲነድ መጀመሪያ ለእርስዎ ሻይ አፈላለሁ" አልኳቸው።
"ከሽንት ቤት በመጣ እሳት? ነጃሳ ነው፣ አንቺ ልጅ! እኔን ተይኝ።"
የሽንት ቤቱ ቱቦ እዚያው ጉድጓድ መግባቱ ነው የከነከናቸው። ኩበቱስ እበት አይደል ወይ ልል ነበር... ዋጥኩት። ደግ ናቸው እኮ። እኔ ማሳ ስውል ገንዳውን አጥበው ይጠብቁኛል። ሲያበራ ነው የማገኘው።

ሰኔ 9
ዝናብ። ኑርሁሴን መጥረቢያውን ሳለ።
ደምመላሽ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገንዳውን አሸተተ። "ምን ጨመራችሁበት? በረኪና?"
"ወላሂ ምንም!"
"ጋዙን የሚሠሩት ዐይን የማያያቸው ነፍሳት ናቸው። በረኪና ይፈጃቸዋል።"
ሲሄድ እኔም አሸተትኩ። ያ አላህ... በምን አፌ ማልኩ?

ሰኔ 10
ጀሪካኑን ከአማቴ አልጋ ሥር አገኘሁት። ልጃቸው ሰልዋ ከከተማ፣ ከሆጤ፣ ለልብስ ማጠቢያ የላከችላቸው በረኪና። ሊያልቅ ምንም አልቀረው።
"እማዬ፣ ገንዳውን በዚህ ነው የሚያጥቡት?"
"ለናንተው ብዬ ነው። የምትበሉበት እሳት እንዲጠራ ብዬ..."
"እማዬ፣ ዋንዛው ሊቆረጥ ነው።"
መቁጠሪያቸውን ያዙ። ጣታቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። አሳዘኑኝ። ለኑርሁሴን ልንገረው? እናቱን ምን ይላቸዋል?

ሰኔ 11
አልነገርኩትም። ለደምመላሽ ብቻ "በረኪና ነው" አልኩት። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ገራዶ ሄደን፣ ነፍሳቱ ካሉበት ከሚነድ ጉድጓድ ሦስት ጀሪካን ዝቃጭ አመጣንና ጨመርንበት። እንግዲህ እስከ ሰኔ ሠላሳ የቀረው ሃያ ቀን አይሞላም።

ሰኔ 28
ጭል ብሎ ጠፋ። ማንም አላየም። አየሁ ወይስ መሰለኝ?

ሰኔ 30
እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ጎህ ሲቀድ ወደ ገንዳው ወጣሁ። አማቴ ቀድመውኛል። እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው እበት ውስጥ...
"እማዬ! ነጃሳው?"
"እጅ ይታጠባል" አሉና መበጥበጣቸውን ቀጠሉ።
ኑርሁሴን መጥረቢያውን ይዞ ብቅ አለ። እናቱን አየ። ባለበት ቆመ። እኔ ወደ ምድጃው ሮጥኩ። ሁለት ክብሪት ሰበርኩ። በሦስተኛው ያዘ። ሰማያዊ። አልጠፋም። ጀበናዬን... ምን ጀበና፣ የሻይ ብረት ድስቱን ነው የጣድኩት፤ ማየት አቅቶኝ ነበር፣ እያለቀስኩ።
አማቴ ታጥበው፣ ከዋንዛው ሥር ሰግደው መጡ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ቢስሚላህ ብለው ጠጡ፤ እስከ ጭላጩ።
"ስኳር አንሶታል" አሉ።