«ለራስሽ» የሚለው ጠርሙስ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣ ለታፔላ ጻፊው፣ ፊደል ለሚሰስተው።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? መሰላሉ ላይ ዛሬም ያለ ያዥ ትወጣለህ ወይስ እማዬ አሸንፋህ ሰው ያዝክ? አዲሱ መነጽር ተስማማህ ወይስ እንደ ድሮው ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ቤቱን ስታምስ ትውላለህ? እኔ እንደ መልካም ምኞታችሁ ደህና ነኝ። የሚጎዳኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው፤ ከእሱ ሌላ ደግሞ የራሴ ነገር አለ። የራሴ ስልህ የጭንቅላቴ ማለቴ ነው። ወይም የራሴ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ባለፈው እሑድ ስደውል ልነግርህ ጀምሬ ነበር። ስልክ ላይ ያለህን ጠባይ ራስህ ታውቀዋለህ፤ «እህ፣ ደህና፣ በይ» ብለህ ለእማዬ ታቀብላለህ። ያን ዕለት ግን «አባዬ፣ የላካችሁልኝን ዘይት እኮ ተቀባሁት» ስልህ ስልኩን ለእማዬ አላቀበልክም። «ለራስሽ ማለት ለራስሽ ነው እንጂ» አልክና ስልኩ ተቋረጠ። አንተ ዘግተኸው ይሁን መስመሩ ጠፍቶ እስካሁን አላወቅኩም። እማዬ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ስቃለች ብላ እህቴ ነግራኛለች። ስቃችሁ ስትጨርሱ ነገሩን ከሥሩ እንድታውቁት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የምሠራበት ቤት የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ መሆኑን ታውቃለህ። ከፊት ደንበኛ የሚስተናገድበት ባንኮኒ አለ፣ ከእሱ ኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ፣ ከማሽኖቹ ኋላ ደግሞ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ እኔና ካውያዬ። ተኳሽ ነኝ፤ ለእማዬ ስታነብላት ልብስ ተኳሽ በላት፣ እንዳትደነግጥ። እዚያ ክፍል ውስጥ ክረምት ሆነ በጋ ያለው እንፋሎት ነው። ፀጉሬ ከዚያ የተነሳ ደርቆ ደርቆ ማበጠሪያ ሲገባበት ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። የቤቱ ባለቤት ሴት ናቸው። በሌሉበት እመት ካውያ እንላቸዋለን፣ አንዴ ካዩት ሰው ሁሉ ቀጥ ስለሚል።

ዓርብ ማምሻውን እመት ካውያ ጠሩኝና የባንኮኒዋ ልጅ አግብታ መሄዷን ነገሩኝ። ሰኞ ቆመሽ ትሞከሪያለሽ፣ ከሆነልሽ ቦታው ያንቺ ነው አሉ። አባዬ፣ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። ለተኳሽ የዓመት ፈቃድ የለም፤ ተኳሽ ከሄደች ሸሚዝ ይከመራል ይላሉ። ለባንኮኒ ሠራተኛ ግን አለ። ሰኞ ከቀናኝ ቤት እመጣለሁ ማለት ነው። ካልቀናኝ ያው በስልክ ሳላችሁን እየሰማሁ ማን እንደሆነ ስገምት እኖራለሁ። እሺ ብዬ ስወጣ ከኋላዬ ተጣሩና «እስከ ሰኞ ራስሽን አስተካክለሽ ነይ» አሉኝ። ፀጉሬን ነው ያሉኝ ብዬ እስከ ቤት ድረስ እየዳሰስኩት ሄድኩ።

በማግሥቱ የእናንተ ዕቃ ደረሰ። የእማዬ ሹራብ፣ በሹራቡ የተጠቀለሉ ሁለት ጠርሙሶች። አንዱ ላይ «ለአከራይሽ»፣ ሌላው ላይ «ለራስሽ»። ሌላ አንዲት ቃል የለም። ጽሕፈቱ ግን አቤት ማማሩ፤ ቀይ ጥላ ሰጥተኸዋል፣ የ«ሽ» ሁለቱ እግሮች እኩል ቆመዋል፤ የፋርማሲውን ታፔላ ስትጽፍ እንኳን እንዲህ አልተጠበብክም። ያንተ ልጅ ሆኜ ፊደል ሲያምረኝ ትርጉሙን መመርመር እረሳለሁ። ዕድሜህን ሙሉ በፊደል ብዛት ስታስከፍል ኖረህ ለቤትህም ፊደል መቆጠብ ለመደብህ። «የሚበላ» ብለህ ብትጨምርበት አራት ፊደል ነበር። አራት ፊደል ከልጅህ ይበልጣል?

እኔ ራስሽን አስተካክዪ ተብያለሁ፣ በማግሥቱ ለራስሽ የሚል ዘይት ከቤቴ መጣልኝ። ፈጣሪ ራሱ እጁን ያስገባበት መሰለኝ። እሑድ ጠዋት ከፍቼ ሳሸተው ነጭ ሽንኩርት ነው። አልጠረጠርኩም። ለፀጉር ፍቱን ነው ከተባለ ነገር ውስጥ የማይሸት መቼ አይቼ አውቃለሁ? ታች የዘቀጠውንም ቀይ ነገር የሆነ ሥር ነው ብዬ አለፍኩት። ለአመል ያህል ጠርሙሱ ውስጥ አስቀርቼ ሌላውን አናቴ ላይ አፈሰስኩት፣ አሸሁት፣ በፌስታል ጠቀለልኩት። ትንሽ ቆይቶ ያቃጥለኝ ጀመር። «እየሠራ ነው» አልኩ። እንባዬ እስኪወርድ ሲያቃጥለኝማ እንዴት ያለ መድኃኒት ነው ብዬ እማዬን መረቅኳት።

መታጠቡ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ውሃ ለቀቅኩበት፤ ዘይቱና ውሃው እንደ አማትና ምራት ተያዩና ለየራሳቸው ሄዱ። ውሃው ወደ ወለሉ፣ ዘይቱ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ። ሳሙና መታሁበት፣ ሳሙናው ራሱ ወዛ። ይብሱን ከአናቴ ላይ የነበረው እስከ ጫፍ ወርዶ ፀጉሬ እንደ ሻማ ክር አንድ ላይ ተጣበቀ። ዞር ብዬ በሩን ልክፈት ስል እጄ መክፈቻው ላይ ይንሸራተታል። ያዝኩት፣ አመለጠኝ። በፎጣ ያዝኩት፣ ፎጣውም ዘይት ሆኗል። እንዲህ ሆኜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተዘጋሁ።

ስጮህ አከራዬ መጡ። እኚህ ሴትዮ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ እትዬ ቁልፎ እላቸዋለሁ፣ ልባቸው ግን ክፍት ነው። በሩን በአንድ እጃቸው ከፈቱ፤ በሌላው እጃቸው ሳህን ይዘዋል። ምን ሆነሽ ነው ብለው ሳይጠይቁኝ ምስጋናቸውን ጀመሩ። «አባትሽ በላኩልኝ ዘይት እንቁላል ጠብሼበት ጣት ያስቆረጥማል፤ ቅመሺልኝ ብዬ ልጠራሽ ስል ነው የጮህሽው» አሉኝ። ከዚያ አፍንጫቸውን አነሱ። ሳህኑን አዩ፣ ጭንቅላቴን አዩ፣ እንደገና ሳህኑን አዩ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ።

የደወልኩላችሁ ያኔ ነው፣ ዘይቱ በጆሮዬ ወደ ስልኩ እየወረደ። በኋላ እህቴ እንዳስረዳችኝ እማዬ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ አብስላ የጨመረችበት፣ ደክማ ስትገባ ባገኘችው ምግብ ላይ ጠብ አድርጋ ትብላ ብላ ነው አሉ። እኔ እኮ ዘይቱን ጠብ አላደረግኩትም፤ ከእሱ ጋር ጠብ ገጠምኩ።

እትዬ ቁልፎ ስቀው ስቀው ደረጃው ላይ ተቀመጡና መላ ማምጣት ያዙ። አስኳል ቅባት ይበላል አሉኝ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እንቁላሉን መቱልኝ፣ ተቀባሁ፣ ቀጥለው ያፈሉትን ውሃ ለዘብ ሳያደርጉት ከላይ ለቀቁብኝ። አባዬ፣ እንቁላል ሙቅ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፣ ግን ሁለታችንም አላሰብነውም። ፀጉሬ ውስጥ ረጋ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ እንቁላል። እትዬ ቁልፎ ፍርፋሪውን እየለቀሙልኝ «አሁን የቀረሽ ጨው ብቻ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ አለቀስኩ። ጨውም ሞላ ማለት ነው። እሳቸው በቀልዳቸው የከፋኝ መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሰኞ ነው። በዚህ ራስ ባንኮኒ ላይ ብቆም፣ የአንዱ ነጭ ሸሚዝ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ፣ እመት ካውያ ወደ እንፋሎቱ ይመልሱኛል። ከእንፋሎቱ ደግሞ ወደ እናንተ የሚወስድ መንገድ የለም። ደጃችንን፣ ያንተን የቀለም ቆርቆሮዎች፣ እማዬ ስትቆጣ የምትከፍተውንና የምትዘጋውን መሳቢያ ሳይቀር አሰብኩ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ቤቴን ወሰደብኝ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

እያለቀስኩ ሳለሁ ሐኪሙ ትዝ አሉኝ። ሐኪሙ የምንላቸው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ እድፍ የሚያስለቅቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ልብስ ሲቀበሉ «ምን ነካው? መቼ ጀመረው?» ብለው ስለሚጠይቁ ነው። የዘይት እድፍ ሲመጣላቸው ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር አለች። «ቅባትን በመጀመሪያ ውሃ አታሳዪው፤ ይኮራል» ይላሉ። ዱቄት ነገር ይነሰንሱበታል፣ እስኪጠጣ ይተዉታል፣ ያራግፉታል፣ ቀጥለው ሳሙናውን በደረቁ ያሹታል። ውሃ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስንቱን ሸሚዝ እንዲህ ሲድን እያየሁ ለገዛ ጭንቅላቴ ሳላስበው ቀረሁ። ባለሙያ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው።

እንግዲህ ራሴን ሸሚዝ አደረግኩት። በፎጣ ጨመቅኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ እትዬ ቁልፎ ለልጅ ልጃቸው ያስቀመጡትን ፓውደር አመጡና እንደ ጉድ ነሰነሱብኝ። ተቀምጠን ጠበቅን። መስታወት ሳይ ግን ክው አልኩ። ፀጉሬ ድፍን ብሎ ነጥቷል፣ ግንባሬ ወዝቷል፣ ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ፓውደር አለ፤ መስታወቱ ውስጥ አንተ ነህ ያለኸው። ሰሌዳ ላይ የኖራ ቀለም ስትቀባ ውለህ ስትገባ እንደምትመስለው። ይህን ያህል እንደምመስልህ አላውቅም ነበር። ዘይቱ እስኪጠጣ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁህ። ናፍቀኸኛል።

ከዚያ አራገፍነው፣ በማበጠሪያ ጠረግነው፣ የዕቃ ማጠቢያውን ሳሙና ጠብታ ውሃ ሳይነካው አሸነው፣ መጨረሻ ላይ ለብ ያለ ውሃ። እትዬ ቁልፎ በዚህኛው ጊዜ ውሃውን በክርናቸው ለክተው ነው ያፈሰሱት። ዘይቱ እንዳኮረፈ እንግዳ ቀስ እያለ ወጣ። አንድ ጊዜ ደገምነው፣ ፀጉሬም ብትን ብትን አለ፣ ስዳስሰውም እጄን ቅባት አልነካውም። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ለስልሶ አያውቅም። ሽታው ብቻ እምቢ አለ።

ሰኞ ባንኮኒው ላይ ቆምኩ። እመት ካውያ ከመጋረጃው ጀርባ እንደሆኑ ጥላቸው ይታያል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ገና ስትገባ ተቆጥታ ነበር፤ የሐር ሸሚዟ ላይ ዘይት ፈሶባት በፈላ ውሃ ፈትጋዋለች፣ እድፉ ደግሞ ሰፍቶ ቁጭ ብሏል። የሚወቀስ ሰው ፈልጋ ነው የመጣችው፣ ፊት ለፊቷ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ውሃ ባያይ ይሻለው ነበር፣ ግን አይዞሽ ይለቃል፣ እኔም ትናንት ይህንኑ ስሕተት በራሴ ላይ ሠርቼ ነበር አልኳት። ልታጽናኚኝ የምታወሪው ነው ብላ አፈጠጠችብኝ። ያሳሳታት «በራሴ» የሚለው ቃል መሆኑ ገባኝና ጎንበስ ብዬ አናቴን አሳየኋት፤ «በራሴ ላይ፣ እዚህ ጋ» አልኳት። አሸተተች። የተቆጣ ሰው እየሳቀ መቆጣት አይችልም፤ ሸሚዟን ትታ፣ የፀጉሬን አስተጣጠብ በቃሏ ይዛ ሄደች።

እመት ካውያ ከመጋረጃው ወጡ። አንድ ጊዜ አሸተቱኝና «ሽታው ይለቃል። አንቺ ብቻ አትልቀቂ» አሉ። ከዚያ የባንኮኒውን መሳቢያ ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡት።

አባዬ፣ አንድ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ለራስሽ» የሚለውን ለጭንቅላት ያልኩት ለምን መሰለህ? ለእኔ ይሆናል ብዬ ስላላሰብኩ ነው። እዚህ በእጄ የሚያልፈው ልብስ ሁሉ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበት ነው የሚመጣው፤ የኔ የሚል ነገር ካየሁ ቆይቷል። አንተ ቀይ ጥላ ሰጥተህ አሳምረህ ጽፈህልኝ እንኳን አላመንኩህም። ጠርሙሱን አጥቤ መስኮቱ ላይ አቁሜዋለሁ። ለአመል ያህል ያስቀረኋትንም ዘይት ትናንት ዳቦ ላይ ጠብ አድርጌ በላኋት። እትዬ ቁልፎ እውነታቸውን ነው፤ ጣት ያስቆረጥማል።

የእማዬን እግር ሳምልኝ፣ በርበሬውን በጥቂቱ ትቀንስ። ታላቅ እህቴን ስለ ወሬ ማቀበሏ አመሰግናታለሁ፣ ባሏንም ስለ ሳቀብኝ አኩርፌዋለሁ። አያቴ ጆሮዋ ስለማይሰማ ታሪኩን ጮኽ ብለህ ንገራት፤ ጎረቤትም እግረ መንገዱን ይሰማል፣ ለነገሩ እህቴ ሳትነግረው አትቀርም። የመሰላሉ ያዥ ካለ እሱንም ሰላም በልልኝ፤ ከሌለ ዛሬውኑ ይያዝ።

ፈቃዴ ሲደርስ እመጣለሁ። ሻንጣ ሙሉ ነገር ይዤላችሁ ነው የምመጣው፣ ላዩ ላይም እንዳንተ አሳምሬ «ለራሳችሁ» ብዬ እጽፍበታለሁ። አደራህን አባዬ፣ እንዳትቀቡት።

የመጨረሻ ልጅህ፣ አንተ እንዳወጣህልኝ «አራት ነጥብ»

ከባንኮኒው ላይ፣ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት
ኅዳር ፲፪ ቀን