ዘሪሁን የፈታው ፍሪሲዮን

ለመስፍኔ፣ ለልጄ አባት፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ የዡራ ተራራ ለሁለተኛ ጊዜ በረዶ ለበሰ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ «ጊዜ ያስረሳሻል» ይለኝ ነበር። ጊዜ ምንም አላስረሳኝም፤ ይልቅ የማላውቀውን ነገር ይዞልኝ መጣ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እዚያው ጄኔቭ፣ «ለዛቫንሼ» ሰፈር ነኝ። ስትረግመው የነበረው ሊፍት ተቀየረ፤ አሁን ድምፅ እንኳ የለውም። ሶስና ዙሪክ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። በፈረንሳይኛዋ ላይ ጀርመንኛ ጨምራበት አማርኛዋ ይባስ ተቆራረጠ፤ ስትደውል ግማሹን በግምት ነው የምሰማት። ወንበርህን ከቦታው አላነሳሁትም። ጃኬትህን ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ አንድ እሑድ ሌላ ሰው ለብሶት ከፊቴ ሲሄድ አየሁና በስምህ ልጠራው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሩ የዘሪሁን ነው።

ዘሪሁን ለእኔ ምን እንደነበር ታውቃለህ። ሙያ ትምህርት ቤት አብሮህ የተማረ፣ በሠርጋችን አንደኛ ሚዜህ የነበረ፣ ስደቱም ላይ ያልተለየህ ሰው። እሱ ዙሪክ ጋራዥ ገባ፤ አንተ እዚህ ላንሲ። ከሥራህ ሁሉ ደግሞ የምትወዳት የፈረንጁን የሙሴ ሬኔን የበረዶ ሞተር ነበረች፤ ያቺ በረዶ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል የምትነዳዋ። ሽማግሌው ተራራው ላይ ያለችውን ትንሽ የእንግዳ ማረፊያቸውን በዚያች ሞተር ነው የሚያኖሯት፤ መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ምግቡንም እንግዳውንም በእሷ ያወጣሉ፣ አሮጊት እናታቸውንም ሐኪም ዘንድ በእሷ ያወርዳሉ። በየዓመቱ በረዶው ከመጣሉ በፊት ወጥተህ ፍሪሲዮኗን ፈትተህ ክብደቶቿን ታስተካክል ነበር።

እንዴት እንደምትሠራ ያስረዳኸኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ሽሮው እሳት ላይ ነበር፣ አንተ ሦስት ማንኪያ በእጅህ ይዘህ ጣቶችህን እንደ አበባ ትከፍታለህ። ሞተሩ ሲፈጥን ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ሦስት ክንዶች ወደ ውጭ ይበተናሉ፤ ሲበተኑ የጎማውን ቀበቶ ጨብጠው ሞተሯን ያስኬዷታል አልከኝ። ክንዶቹ ላይ ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ረዥም ብሎን ብታስገባ ክንዱ ይከብዳል፣ አጭር ብታስገባ ይቀላል። ሲበዛ ከከበደ ሞተሩ ታፍኖ ያቃስታል፤ ሲበዛ ከቀለለ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ተራራ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ስለዚህ ታቀልለታለህ። «ዋናው ግን ሦስቱ እኩል መሆናቸው ነው» አልከኝ፤ «እንደ ጉልቻ ነው፣ አንዱ ካጠረ ድስቱ ይደፋል።» ይህን ስታወራ ሽሮው አረረ።

ቀብርህ ባለፈ ሰሞን ዘሪሁን ከዙሪክ መጣና ካቩን ክፈቺልኝ አለኝ። ምድር ቤት አብረን ወረድን። ደህና ደህናውን መሣሪያህን ሁሉ አልፎ፣ ብሎኖቹና ክብደቶቹ ያሉባትን ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ምንድነው ስለው «ምንም፣ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ለቁርጥራጭ ብረት ብሎ ከዙሪክ ጄኔቭ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አንድ ነገር ውስጤ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሙሴ ሬኔን ሥራ እሱ ያዘው። ዘንድሮ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ሙሴ ሬኔ ደወሉልኝ። ደህንነቴን ጠይቀው ሲያበቁ «ዘንድሮም የሚመጣው ያ ጓደኛው ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ምነው አልኳቸው።

«እንዲያው ነው። በመጨረሻው ክረምት ባለቤትዎ ሠርቶ በሄደ ቁጥር ጓደኛው እየመጣ እንደገና ይፈታው ነበር። ተነጋግረው መስሎኝ ነበር።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የያዝኩትን ድንች አስቀመጥኩት። ያ ክረምት እንዳለ ተመለሰብኝ። ዘሪሁን እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ «ባቡር ያመልጠኛል» ብሎ ይነሳል። አንድ ቀን በመስኮት ስመለከተው ወደ ጣቢያው የሚወስደውን ትራም ትቶ፣ ማዶ የቆመ የኪራይ መኪና ውስጥ ገባ። ነግሬህ ነበር፤ «ተይው፣ የራሱ ጉዳይ ይኖረዋል» አልከኝ። በዚያው ክረምት ነው አንተ ከተራራው ፊትህ ጠቁሮ የምትመለሰው፤ ሞተሯ ትንቀጠቀጣለች፣ አልገባኝም እያልክ ትጠበብ ነበር።

ደመርኩት። አንተ የሠራኸውን ከኋላ እየመጣ ያበላሻል፣ ስምህ ሲጠፋ ሥራው የእሱ ይሆናል፤ ሣጥኗንም የወሰዳት ማስረጃ እንዳይቀር ነው። ሙት አይናገር ብሎ ነው አልኩ። መልሼ ለሙሴ ሬኔ ደወልኩና እኔ ሳላጣራ ያ ሰው ሞተሯን እንዳይነካት አልኳቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው፤ ግን ስላንተ ሲሉ እሺ አሉኝ። በማግስቱ ተራራው ላይ በረዶ መጣል ጀመረ፤ ሞተሯ ያለ አስተካካይ ቆመች።

ቅዳሜ ጠዋት ዙሪክ ሄድኩ። ሶስና ጣቢያ ተቀበለችኝና የመጣሁበትን ስነግራት መንገድ ላይ ቆመች። «ማማ፣ አሬት፣ ተይ በቃ። ጋሼ ዘሪሁን እኮ ነው» አለች። ጋሼ ስላልሽው ሰው ይሆናል ወይ አልኳት። ያንተ ልጅ ናት፤ ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ተከተለችኝ።

ዘሪሁን ቱታውን ለብሶ ብቻውን ይሠራ ነበር። ሲያየኝ ደስ ብሎት እጁን እየጠረገ መጣ። ሰላምታውን አልጨረስኩለትም። «መስፍን የሠራውን ለምን ታፈርስ ነበር?» አልኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፣ ያዝኩህ አልኩ በልቤ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም ይንገረኝ። ማፍረስህን አልካድክም።»

«አልማዝ፣ ተይው። የሞተን ሰው ነገር አንቀስቅስ።»

«የሞተው የእኔ ባል ነው። እኔ እቀሰቅሳለሁ።»

ሶስናን አያት። ከዚያ ከመደርደሪያ ያቺን የቆርቆሮ ሣጥን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ከፈታት። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ክንዶች አወጣና መዳፌ ላይ በየተራ አኖራቸው። ሁለቱ እኩል ነበሩ። ሦስተኛው ይከብዳል፤ እኔ እንኳ በእጄ አወቅሁት። ረዥሙ ብሎን የገባበት እሱ ላይ ብቻ ነበር።

«መለዋወጫዎቹ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ብሎ መስፍን ነው የገጠማቸው። ሣጥኗን የወሰድኳት ሌላ መካኒክ እንዳያያቸው ብዬ ነው» አለ። «መጀመሪያ ሽማግሌውን ልጠይቅ ወጥቼ ሞተሯን ስነዳ መንቀጥቀጧን ሰማሁ፤ ሰው ነው፣ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አስተካከልኩ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። መስፍን እንዲህ አይስትም ነበር። ዓይኑ ነው፣ አልማዝ። ረዥሙንና አጭሩን መለየት አቅቶት ነበር።»

አላመንኩትም። በሞተ ሰው ላይ ማላከክ ቀላል ነው። እውነት ከሆነ ለምን ለእሱ አልነገርከውም አልኩት።

«ልነግረው ሄጄ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሻይ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው፣ ጠረጴዛውን እስኪያረጥብ ድረስም አላየውም። እኔ ነኝ የገፋሁህ አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?»

ሶስና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። «ተራራው ላይ አሳየኝ» አልኩት፤ «እሱ እንደገጠማቸው አድርገህ ግጠም፣ ሞተሯ ትናገር።» በማግስቱ አብሮኝ ጄኔቭ ሊመጣ ተስማማ።

ሦስታችንም በባቡር ተመለስን። እኔ በመስኮት እያየሁ አንተን ስመረምር ነበር። ፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ያን መስታወት ስትገዛ ዳር ዳሩን በጣትህ ስትዳስስ ነበር፤ ቤት ስናደርሰው መሐሉ የተሰነጠቀ ሆኖ ተገኘ። ሳቅሁብህ። ትራም ሲመጣ ሶስናን «እስቲ ቁጥሩን በትምህርት ቤት ጀርመንኛሽ አንብቢልኝ» እያልክ ስታጫውታት፣ ጨዋታ መስሎን ነበር። መኪናህን የሸጥካት ማቆሚያ አጣሁ ብለህ ነው። ስልክ ሲመጣልህ ወደ ደረጃው እየወጣህ የምታወራውን ደግሞ እኔ ሌላ ሴት አድርጌው ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። ሐኪሙ ይሆን? አሁንም አላወቅሁም።

ተራራው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ነበር። ሙሴ ሬኔ ዘሪሁንን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ፤ ይሁን አልኳቸው። እሱ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ከዙሪክ ያመጣቸውን ክንዶች ገጠመ፣ ሽማግሌው ሞተሯን አስነስተው ሽቅብ ነዱ። ከመነሻዋ እንደ ታመመ ሰው ተንቀጠቀጠች፤ መሪው እጃቸው ላይ ሲዘል ከቆምኩበት ታየኝ። ዞረው መጡና ሞተሩን አጠፉ።

«ይኼ ነው» አሉ። «በዚያ ክረምት ባለቤትዎ ሠርቶ ሲሄድ እንዲህ ነበረች። ጓደኛው ሲመጣ ትድን ነበር።»

ያን እንዴት ቀድመው አልነገሩኝም? ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት እንጂ ይነግሩኝ ነበር።

ዘሪሁን መልሶ ፈታው። ረዥሙን ብሎን አወጣና ሦስቱንም እኩል አደረጋቸው፤ ከዚያ ለከፍታው ብሎ ሁሉንም እኩል አቀለላቸው። ብሎኖቹን ከመዳፌ እያነሳሁ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ጣቶቼ በርደው አልታዘዝ ሲሉኝ፣ አንተ ይህን ሁሉ ዓይንህ ሳያግዝህ በመዳሰስ ስትሠራ አሰብኩህ። ያኔ አለቀስኩ። ሙሴ ሬኔ እንደገና ሲነዷት ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ጫፍ ደርሳ ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወረች።

ሲመለሱ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቁኝ። ዘሪሁን ቀድሞኝ «የብሎን ችግር ነው» አለ። አሁንም ሊሸፍንህ! እንደዚያ ብዬ ብተወው ስምህ ንጹሕ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እሱ ግን በእኔ አፍ እንደተጠረጠረ ይቀራል። ስለዚህ ነገርኳቸው። «ባለቤቴ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ይህ ሰው ነው በድብቅ ሲያስተካክልለት የነበረው። እኔ ነኝ ያለ ሥራው የጠረጠርኩት።» ይቅር በለኝ፣ አንተ የደበቅኸውን አወጣሁት።

ሽማግሌው ጓንታቸውን አውልቀው ዘሪሁንን ጨበጡት። ከዚያ «ያኔ ባውቅ ኖሮ ሁለታችሁንም አንድ ላይ አስቀምጬ ምሳ አበላችሁ ነበር» አሉ። እኛን ግን አበሉን፤ እናታቸውም መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

መስፍኔ፣ እኔን ታውቀኛለህ፣ መጠርጠር ከእኔ አይጠፋም። ዘሪሁንን ተውኩት፤ አሁን የምጠረጥረው አንተን ነው። በክረምቱ መጀመሪያ እንዲያ ስትጠበብ፣ ኋላ ላይ ስለ መንቀጥቀጧ ማንሳት ለምን ተውክ? አንድ ምሳ ላይ እሱ ከወጣ በኋላ «ዘሪሁን ካለ ሞተሯ ደህና ናት» ያልከኝስ? ያን ጊዜ ቁም ነገር አላደረግሁትም። ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሱ እንዳላወቅህ እንዲያስብ ተውከው፣ እሱም እንዳላየህ ሆነልህ። ሁለታችሁም ዝም ተባባላችሁ፤ እኔን ብቻ ከውጭ አስቀራችሁኝ። በዚህ ገና አኩርፌሃለሁ።

ሶስና ያን ዕለት ዘሪሁንን ጣቢያ ድረስ ሸኘችው። በሚመጣው እሑድ ምሳ ይመጣል፤ ባቡር ያመልጠኛል ብሎ እንዳይነሳ አስምዬዋለሁ።

አንተን ለብቻህ አድርጌ፣ ጉብዝናህን ብቻ መርጬ አላስታውስህም። በጣትህ ስትዳስስ፣ ሻዩን ስታፈስስ፣ ትራሙን ስታስነብብ፣ እንደዚያ አድርጌ እይዝሃለሁ። የልጅሽ አባት ማን ነበር ብለው የሚጠይቁኝ ቢኖሩም እንዲህ እላለሁ፦ መካኒክ ነበር፤ በመጨረሻ ዓይኑ ደከመ፤ ጓደኛ ነበረው።

አልማዝህ