ቀናቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ሕፃናት ወተት የደከሙት ዶክተር አመተ ሥላሴ ተክለ ጊዮርጊስ ዐረፉ

በጎንደር ከተማ የንጋት እናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል መሥራችና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አመተ ሥላሴ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በማራኪ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከጠዋቱ የሕሙማን ጉብኝት ቀርተው ስለማያውቁ፣ የዚያን ዕለት ሲቀሩ ባልደረቦቻቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ስለነበር ሰብረው ሲገቡ ዐርፈው አገኟቸው። ሆስፒታላችን በእኚህ ሐኪም ዕረፍት የደረሰበት ኀዘን ከባድ ነው።

ዶክተር አመተ ሥላሴ በ1958 ዓ.ም. በዚሁ በጎንደር ከተማ ከዜማ መምህሩ ከመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስና ከወይዘሮ ምስጢር አምሐ ተወለዱ። አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነበራቸው። እርሳቸው ሕክምና ሲማሩ ወንድማቸው የአባታቸውን የቤተ ክህነት መንገድ ተከትለው ኋላም ወደ ገዳም ገቡ። ዶክተር ትዳር አልመሠረቱም፤ እናታቸውን እስከ መጨረሻው ጦረው ከቀበሩ በኋላ ለብቻቸው ኖሩ።

በ2001 ዓ.ም. የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን ሲከፍቱ ዋናው ትግል ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱትን ማሞቅና እስትንፋሳቸውን ማቆየት ነበር። ያ ሲሳካ ሌላ ችግር ታየ። በእናታቸው ወተት ብቻ ካደጉት መካከል የአንዳንዶቹ አጥንት እየሳሳ፣ ልብስ ሲቀየርላቸው እንኳ ይሰበር ጀመር።

በ2004 ዓ.ም. ከዛሪማ አካባቢ የመጣችው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዳኛው በሰባተኛው ወር የወለደቻት ልጅ ከሆስፒታሉ ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ ጭኗ ተሰብሮ ተመለሰች። በራጅ ሲታይ የጎድን አጥንቶቿም ተሰብረው ነበር። ሕክምናው ሳያተርፋት፣ ክርስትናም ሳትነሣ ዐረፈች። ወላጆቿ አስከሬኑን ይዘው ሄዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘመድ አዝማድ “እናቲቱ በእንቅልፏ ተጭናት ነው” ማለቱ፣ ባሏም ወደ አባቷ ቤት መስደዳቸው በዶክተር ጆሮ ደረሰ። ዶክተር ፈቃድ ጠይቀው በአውቶቡስ ወደ ዛሪማ ወረዱ።

አብረዋቸው የሄዱት ሲስተር ፅዮን አዳሙ የሆነውን ነግረውናል። የልጅቱ አባት አያ አለነ ከደጃፋቸው ቆመው ተቀበሏቸው።

“ምነው ደከሙ ዶክተር? ልጅቱ እንደሆነች ተቀብራለች” አሏቸው።

“የመጣሁት ለእናቷ ነው፣ አያ አለነ።”

ባንቺአየሁ ከአባቷ ቤት እስክትመጣ ጠብቀው በሁለቱ ፊት ተናገሩ። “ማንም አልተጫናትም። ልጅ አጥንቱ የሚጸናበትን ማዕድን ከእናቱ የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ይህች ልጅ ያን ሳትወስድ ተወለደች። የባንቺአየሁ ወተት ሸጋ ወተት ነው፤ ቀኑ ለደረሰ ልጅ ይበቃል። ለእርሷ ግን የሚጨመርበት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ገና አላገኘንም።”

 ባንቺአየሁ አንድ ነገር ለመነች፦ “ለእኛ ብቻ አይንገሩን። አገር ሁሉ ነው ገዳይ ያለኝ። በደጀ ሰላሙ ይንገሩልኝ።”

ዶክተር እስከ እሑድ ቆይተው ከቅዳሴ በኋላ በምእመናኑ ፊት ያንኑ ቃል ደገሙት። ባንቺአየሁ በዚያው ዕለት ከባሏ ጋር ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በ2005 ዓ.ም. ዶክተር አመተ ሥላሴ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ሌሎች ማዕድናት ያሉበትን ማበልጸጊያ ዱቄት አስመጥተው፣ ከእናቶች በታለበ ወተት ላይ ተለክቶ እንዲጨመር አደረጉ። የሕፃናቱ አንጀት አይችለውም ብለው የሰጉ ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር ስጋታቸውን አላቃለሉትም፤ ሕፃኑ ወተት በደንብ መቀበሉ ሳይታይ እንዳይጀመር፣ ከተጀመረም በኋላ ደሙ በየጊዜው እንዲመረመር ደንብ አወጡ። እናታቸውን በወሊድ ላጡ ሕፃናትም ከሱቅ የሚገዛው የዱቄት ወተት ቀኑ ለደረሰ ልጅ የተዘጋጀ መሆኑን እያስረዱ፣ ያለ ቀናቸው ለተወለዱት የሚሆነውን ከአዲስ አበባ ያስመጡ ነበር። “የእኔ ወተት ምን አጣ?” ብላ የምታለቅስ እናት ባጋጠመቻቸው ቁጥር አጠገቧ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዷት ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዳግመኛ ያለ ቀኗ ወለደች። ሁለት ወር ከልጇ ጋር በክፍሉ ቆየች። የታለበውን ወተቷን ማዕድን ተጨምሮበት ለልጇ በቱቦ፣ ኋላም በሲኒ ስትሰጥ ዶክተር በየዕለቱ ከአጠገቧ አልጠፉም። ልጅቱ ሃና ተባለች። ክርስትና ያነሷት ዶክተር አመተ ሥላሴ ናቸው። ዛሬ ሃና ተማሪ ናት።

በ2014 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ማበልጸጊያው አለቀ። ዶክተር በከተማው ፋርማሲዎች ካልሲየምና ፎስፌት ለየብቻ አፈላልገው አገኙ። ሁለቱ በአንድነት ሲጨመሩ ወተቱ ሥር እንደሚዘቅጡ ስላዩ፣ አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በቀጣዩ ምግብ ላይ እንዲሰጥ ከፋርማሲ ባለሙያችን ከአቶ ወንዴ ባምላክ ጋር ሠሩ። መንገዱ እስኪከፈት የሕፃናቱን አጥንት የያዘው ይህ አሠራር ነበር።

ዶክተር አመተ ሥላሴ በዓመት በዓል የማንንም ጥሪ ተቀብለው አያውቁም። “ተረኛ ነኝ” ይሉ ነበር፤ ተራውንም ልጆች ካሏቸው ባልደረቦች ላይ ለምነው የሚወስዱት ራሳቸው ነበሩ። በዘንድሮው ጥምቀትም ከተማው ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ እርሳቸው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። አከራያቸው እንደነገሩን፣ ማታ ከቤታቸው የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ባረፉበት ሌሊትም ሬዲዮው እስኪነጋ ሲናገር አድሯል።

በቤታቸው ለቅሶ የሚቀመጥ ዘመድ ባለመገኘቱ ድንኳኑ በሆስፒታላችን ግቢ ተተክሏል፤ ለቅሶ ደራሹን የሚቀበሉትም ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም የክፍሉ ነርሶች እኩሌታ አልተገኙም። ሕፃናቱ የሚመገቡበት ሰዓት ነበር፤ ሲስተር ፅዮንም ወተት ሲለኩ ነበሩ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ መኪና አጥታ ከሃና ጋር የደረሰችው በማግስቱ ነው። መቃብሩን ያሳየናት እኛ ነን፤ እስኪመሽ ከዚያ አልተነሣችም።

ለወይዘሮ ባንቺአየሁና ለአያ አለነ፣ ለክርስትና ልጃቸው ለሃና፣ በእርሳቸው ክትትል ልጆቻቸውን ላሳደጉ ወላጆች፣ ለክፍሉ ሐኪሞችና ነርሶች መጽናናትን እንመኛለን። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

የሟች ወንድም አባ ወልደኢየሱስ ከዛሪማ በታች በቆላው ገዳም በሱባኤ ላይ ይገኛሉ። ስልክ የላቸውም፤ የላክነውም መልእክተኛ ሳያገኛቸው ተመልሷል። ስለዚህ ይህ መግለጫ በጎንደርና በዛሪማ እንዲለጠፍ አድርገናል። ከአንባብያን መካከል ወደ ገዳሙ የሚወርድ ቢኖር፣ የእኅታቸውን መርዶ እንዲያደርስልን በትሕትና እንለምናለን። ሲነግራቸውም ብቻቸውን ሳሉ እንዳይሆን፤ ሁለት ሦስት መነኮሳት አጠገባቸው እስኪቀመጡ ይጠብቅልን።

የንጋት እናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል
ጎንደር፣ ጥር 2017 ዓ.ም.