ደረጃ የዘለለ ትንበያ

ወዳጄ የጂኦግራፊው መምህር፣

ፖስት ካርዱ ትንሽ፣ ንዴቴ ትልቅ ነው። ዛሬ ልጄ የምትሠራበት የአየር ትንበያ ክፍል ተቀምጬ ዋልኩ። ኮምፒውተሩ ሰማዩን እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ ከፋፍሎ፣ ነፋሱን በየሁለት ደቂቃው እያሰላ ይራመዳል። ገበሬዎች እህላቸውን ከአውድማ ለማንሳት እስከ ስድስት ሰዓት ውጤቱን ይጠብቃሉ። አለቃዋ ስሌቱ ቶሎ እንዲያልቅ ቸኮለና «እርምጃውን አራት ደቂቃ አድርጊው!» አላት።

«ነፋሱ ሳናየው ካሬ ዘሎ ያልፋል፤ ስሌቱ ይበላሻል» አለች ልጄ።

«አባትሽን ይዘሽ ልታስተምሪኝ መጣሽ?»

አደረገችው። ስክሪኑ ላይ ነፋሱ በሰዓት አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር በረረ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር «ደረጃ አትዝለሉ» ያልኩት ለግድግዳ ነው?

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንበያው ወጣ፦ «ከሰዓት በኋላ ይዘንባል።» መልሱ ልክ ነው፤ እህሉ ግን ርሷል። የገበሬዎቹን ስልክ የምታነሳው ደግሞ ልጄ ናት፤ አለቃዋ ወጥቷል።

ዝናብ ሊመጣ ሲል ያንተ ጉልበት ከዋዜማው ይቆረጥማል፤ አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፤ ጉልበትህንም በርታ በልልኝ።