ለእንግዳ ብለን ያወለቅነው ጫማ

ደሬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። ሱቅህን አልዘጋሁትም፤ አሁን የምቆምበት እኔ ነኝ። የክርክር ወዳጅህ ኦቦ ጫላ ዛሬም በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚከራከራቸው ሰው ስለጠፋ ከሬዲዮው ጋር ይጣላሉ።

ልጃችን መክሊት ግን እንደገና ጄሶ ታስሮላታል።

ስትወለድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። በየሳምንቱ ጄሶውን ለማስቀየር በባጃጅ አቅፈህ የወሰድካት አንተ ነህ። እግሯ ሲቃና አለቀስክ። ከዚያ በብረት የተያያዙትን ጫማዎች ሰጡን፤ ለወራት ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ አራት ዓመት እስኪሞላት ስትተኛ እንዳናወልቅባት አስጠነቀቁን። እኛ ግን ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሣ፣ ሰው ምን ይለናል ብለን አወለቅነው። ከካቺሲ የመጡት ዘመዶችህ ሳምንት ሰነበቱ። እነሱ ሲሄዱ መልሰን ብናደርግላት አምርራ አለቀሰች፤ አንጀታችን አልችል አለና፣ እግሯም ደህና ነው ብለን ተውነው።

ቆማ መሄድ ስትጀምር እግሯ ተመልሶ ዞረ። እናትህ እርግማን ነው አሉ። እርግማን አይደለም፤ የእኔና የአንተ እፍረት ነው። ይህን ስጽፍ ተናድጄብሃለሁ፤ በራሴም ጭምር። አንተ ሞተህ አመለጥክ፤ እኔ ግን ሕክምናውን ከአንድ ተነሥቼ ጀመርኩ።

እሑድ ዕለት እናትህ ልጅቷን ጓዳ አስቀምጪያት አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጥኳት። ነጠላቸውን አውልቀው ጄሶው ላይ ጣል ሲያደርጉበት፣ አንሥቼ አጣጥፌ መለስኩላቸው። የሚያፍር ካለ እሱ ጓዳ ይግባ አልኩ፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ሰሙኝ። እናትህ አኩርፈውኛል። ያኩርፉ።

ማክሰኞ ከጀርባችን የተከራየችው ነፊሳ መጣች። የወር ልጅ አላት፤ እስከዚያ ቀን ለማንም አሳይታው አታውቅም ነበር። በሩን ዘግታ መጠቅለያውን ፈታችልኝ። ሁለቱም እግሮቹ ዞረዋል። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ መክሊትን አይታት ኖሯል።

ደሬ፣ አልረሳህም። መክሊት ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ እንዴት እንደወደድካት እነግራታለሁ፤ የሠራነውን ጥፋትም አልደብቃትም። እንዲህ ነው የማስታውስህ፣ ሳላሳምርህ።

አሁን ልነሣ። ሐኪም ቤት አብረን ልንሄድ ነፊሳ ልጇን ታቅፋ ደጅ ላይ ትጠብቀኛለች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ እግሮቹን አልሸፈነቻቸውም።