በአስፋልቱ የተከፈሉት ሁለት ልጆች

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

ጉዳዩ፦ በወላጆቻቸው ጠብ ምክንያት ከትምህርት ቤታቸው እንዲነሡ የተወሰነባቸው ሁለት ተማሪዎች ባሉበት እንዲቆዩና የሰፈሩ ድልድል እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከአስፋልቱ በታች ባለው ሰፈር ጸጉር ቤት ያለኝ፣ የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ሰፈርተኛው «መቀስ» ይለኛል፤ ለእጄ ይሁን ለምላሴ እስካሁን አልተስማሙም። ይህን የምጽፈው በቀኝ ዓይኔ ብቻ ነው። ግራው ከእንግዲህ እንደማያይ ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውኛል። መስመሬ ከተጣመመብኝ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

1. ከአስፋልቱ በላይም ሆነ በታች ያለን ወላጆች ልጆቻችንን የምናስተምረው በአንድ ትምህርት ቤት ነበር። ዘንድሮ ጽሕፈት ቤትዎ አስፋልቱን ድንበር አድርጎ፣ የላይኛው ሰፈር ልጆች ባሉበት እንዲቀሩ፣ የታችኛው ሰፈር ልጆች ደግሞ ከጭነት መኪናዎች ግቢ ጀርባ ወዳለው ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ አዘዘ። ወደዚያ ለመድረስ ልጆቹ መኪኖቹ ወደ ኋላ እየተነዱ የሚገቡበትን ትልቅ በር ማቋረጥ አለባቸው። የእግረኛ መንገድ የለም። ደንበኛዬ የሆነች የአንድ ሾፌር ሚስት ባሏን ጠይቃልኝ ነበር፤ «ከኋላዬ ልጅ ቢቆም የማውቀው ስጨፈልቀው ነው» ብሏታል። ይህን የሰማች እናት ዝም ትበል ማለት ይከብዳል።

የላይኛው ሰፈር ወላጆችም እውነት አላቸው፤ አልክድም። በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲጽፍ የሌላው ክርን አፍንጫው ላይ ነው። መምህሯ ደብተር ለማረም በዴስኮቹ መካከል ማለፍ ስለማትችል ደብተሮቹ በልጆቹ ጭንቅላት ላይ እየተቀባበሉ ይደርሷታል። ሰው ልጁ እንዲህ እንዲማር አይፈልግም።

2. በዚህ ጉዳይ ላይ እንድንመክር የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራን። ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩት ተወካይ ካርታ ዘርግተው ቀዩን መስመር አሳዩን። እኔ ተነሥቼ «ጌታዬ፣ ይህን መንገድ በእግርዎ ሄደውበታል?» ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። «ካርታው ላይ ቅርብ ነው» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፤ የላይኞቹም ጭምር ሳቁ። ያ ሳቅ አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ነበር። ተወካዩ ፊታቸው ቀላና «ያለው ወንበር ይኸው ነው። ማን ቀርቶ ማን እንደሚሄድ ተነጋግራችሁ ተስማሙ» ብለው ማይክራፎኑን ለእኛ ትተው ተቀመጡ።

ማይክራፎኑን ቀድሞ ያነሣው የላይኛው ሰፈር ሥጋ ሻጭ ነው። እንዲህ አለ፦ «እነሱ ልጆቻቸውን የሚልኩልን ቅማልና ስድብ አሸክመው ነው። ይሂዱልን!» ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታናሽ ወንድሜ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የራሱ ልጅ የለውም፣ ልጄን ግን በጫንቃው ተሸክሞ ያሳደጋት እሱ ነው። «እስቲ የእህቴን ልጅ ስም ጠርተህ ድገመው» አለው። ሥጋ ሻጩ የልጄን ስም ጠርቶ ደገመው። ወንድሜ በወንበሮቹ ላይ እየረገጠ ደረሰበትና አፉን በቡጢ ሲለው ደሙ ተወካዩ የዘረጉት ካርታ ላይ ተረጨ። ተወካዩ ካርታውን እንኳ ሳያነሡ በመድረኩ የኋላ በር ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልናገር ብል እዋሻለሁ። ሴቶች በጸጉር ተያያዙ። እኔ ራሴ ጠዋት የሠራሁትን ሹሩባ በከሰዓቱ ከሥሩ ተነቅሎ በሰው እጅ ላይ አየሁት። የብረት እግር ያላቸው ወንበሮች ከወዲያ ወዲህ ይወረወራሉ። ከሁለቱ መውጫ በሮች አንዱ በሰንሰለት ታስሮ ስለነበር ሰዉ ወደ አንዱ ተጋፍቶ፣ የወደቀውን እየረገጠ ይወጣል። የወንድ ጩኸት ከሴት ጩኸት የማይለይበት ጊዜ እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ።

3. የግራ ዓይኔን ያጠፋው የላይኛው ሰፈር የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው። ክቡርነትዎ ሰውየውን ቢያውቁት አያምኑም፤ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነበር። ልጄን ሳል ሲይዛት የመድኃኒቱን ማንኪያ ሦስቴ አስለክቶኝ ነው የሚሰደኝ። የእሱ ልጅና የእኔ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ነው የተቀመጡት። ያን ቀን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ «ኧረ ተዉ! ኧረ ስለ ልጆቹ!» እያለ በመሐል ገባ። ከእኛ ወገን አንዱ በማይክራፎኑ ማቆሚያ ፊቱን መታው። መነጽሩ ወደቀና ተረገጠ። ከግንባሩ የሚወርደውን ደም በእጁ ጠርጎ እጁን አየው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሆነ። ወንበር አነሣ። ወንድሜ ሥጋ ሻጩን አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ይዞት ስለነበር ላላቅቀው ጎንበስ ባልኩበት ወንበሩ መጣ።

ለወንድሜ የሰነዘርኩት ነው ይላል። እኔ የማውቀው ዓይኔን ነው።

ስወድቅ ያየ ወንድሜ ሥጋ ሻጩን ለቆ መድኃኒተኛውን ያዘ። የጎን አጥንቱን እስኪሰብር በእርግጫ መታው። ሰውየው «ሳላያት ነው! ሳላያት ነው!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ወንድሜ ግን አልሰማም፤ እኔም በዚያች ሰዓት እንዲሰማው አልፈለግሁም። አሁን ሁለቱም በአንድ ጣቢያ ታስረው በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ፍርዳቸውን ይጠብቃሉ። የሁለቱም ጉዳይ የፍርድ ቤት ስለሆነ በዚህ አቤቱታ ስለ እነሱ የምጠይቀው ነገር የለኝም።

4. አቤት የምለው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የታችኛው ሰፈር ወላጆች ልጆቻችን ከዝውውሩ እንዲቀሩ ያቀረብነው ጥያቄ «በተፈጠረው ረብሻ ምክንያት» እንደማይታይ፣ በጠቡ ውስጥ ዋና ተካፋይ የነበሩ ሰዎች የሚያሳድጓቸው ሁለት ተማሪዎችም ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ እንደሚነሡ ይላል። ሁለቱ ተማሪዎች የእኔ ልጅና የመድኃኒተኛው ልጅ ናቸው። አንዷ በአጎቷ ቡጢ፣ አንዷ በአባቷ ወንበር መሆኑ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው። በእነዚህ ልጆች እጅ ያን ቀን ምንም አልነበረም፤ አዳራሹ ውስጥም አልነበሩም።

5. ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ጠዋት፣ ዓይኔን በፋሻ ታስሬ ተኝቼ ሳለ ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። የታችኛው ሰፈር ልጆች በአንድ ጠርዝ፣ የላይኛው በሌላው ጠርዝ ቆመው በድንጋይ ይከሳከሳሉ። መኪኖች ቆመዋል፤ የአንዱ የፊት መስታወት ረግፏል። ከአዋቂ ገብቶ የሚያስቆም የለም። እንዲያውም ከሱቅ በረንዳ ላይ ሆኖ «በለው!» የሚል ጎልማሳ ነበር።

የመድኃኒተኛው ልጅ በዚያ መሐል ብቻዋን አስፋልቱን ልታቋርጥ ወጣች። ወደ እኛ ቤት ነበር የምትመጣው። «እትዬን ልጠይቅ ነው!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከእኛ ወገን አንድ ድንጋይ ወጣና ቅንድቧ ላይ አረፈ። እንደ ጨርቅ ተጠቅልላ ወደቀች። ድንጋዩን የወረወረችው ልጄ ናት።

ሮጬ አነሣኋት። ደሟ በአንገቴ እየወረደ ወደ ልጄ ዞሬ እጄን አነሣሁ። ልጄ ንቅንቅ አላለችም። «ዓይንሽን ያጠፋው አባቷ ነው! አጎቴ ሲመታ ጎበዝ አላችሁት፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እጄ በአየር ላይ ቀረ። እውነቷን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀኝ ሲመጣ በአልጋዬ ዙሪያ ወንድሜን «ወንድ!» ሲለው ሰንብቷል። ያን ሁሉ የሰማችው ሻይ እያቀረበች ነው። 

የቆሰለችውን ልጅ ታቅፌ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጥኩ። ተዘግቷል፤ ባለቤቱ እስር ቤት ነው። እስከ ጤና ጣቢያው በእግሬ ተሸክሜያት ሄድኩ። ሲሰፏት እጄን ነክሳ ያዘች እንጂ አላለቀሰችም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት ሜትሯ በአንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጠች መጣች። የልጇን ራስ በጉያዬ እንደያዝኩ አየችን። 

6. በማግስቱ ቤቴ መጣች። በሩን ልዝጋባት አሰብኩ፤ ባሏን ይቅር አላልኩትም፣ እላለሁም ብዬ ቃል አልገባም። እሷ ግን በሩን በእግሯ ይዛ «ልለምንሽ አልመጣሁም» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት የልጄ ቦርሳ ከበደኝና ከፈትኩት። ደብተሮቿን አውጥታ ድንጋይ ሞልታበታለች። ለማን ነው ብላት የልጅሽን ስም ጠራችልኝ። ነገ የአንቺ ልጅ ዓይን ነው። ከዚያ ወዲያ የማን ነው?»

ግቢ አልኳት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ ከጓዳ ሆና ታየናለች። ከዚያ «ወረቀት አለሽ?» አለችኝ። ይህ አቤቱታ መጻፍ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ የማላየውን መስመር እሷ እያየችልኝ።

7. ስለዚህ ክቡርነትዎ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ብለው፦

ሀ/ በሁለቱ ተማሪዎች ላይ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሮ ባሉበት ትምህርት ቤት፣ የሚቻል ከሆነም እንደ ቀድሞው በአንድ ክፍል እንዲቀጥሉ እንዲያዙልን፤

ለ/ ድልድሉን የሠሩት ባለሙያዎች ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት መንገዱን ከእኛ ጋር በእግራቸው እንዲሄዱበት፤ ከዚያ በኋላም ያስኬዳል ካሉ ምክንያታቸውን በፊታችን እንዲነግሩን፤

ሐ/ ከእንግዲህ የጎደለ ወንበርን ጉዳይ ወላጆች እርስ በርሳቸው እንዲጨርሱት እንዳይተዉብን በአክብሮት እንጠይቃለን። ያንን መወሰን የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ነው። ውሳኔው ቢያሳዝነን የምንቆጣው እርስዎን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ዘበኛም አጥርም አለዎት። ጎረቤቴ የላትም።

በዚህ አቤቱታ ላይ መልስ እስክናገኝ ሁለታችን ልጆቹን በየጠዋቱ ተራ በተራ አስፋልቱን እያሻገርን እናደርሳለን። ልጆቹ ገና አይነጋገሩም። እኛም ብዙ አንነጋገርም። የሁለቱን ቦርሳ ግን ከበር ሳይወጡ ከፍተን እናያለን።

ሁለት ሰፈር፣ አንድ ወረቀት ላይ ሆነን፣ ከታላቅ ሰላምታ ጋር

አመልካች፦ (ፊርማ)
ጸጉር ሠሪዋ፣ ከአስፋልቱ በታች

ሁለተኛ አመልካች፦ (ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ ከአስፋልቱ በላይ

በሁለተኛዋ አመልካች እጅ የተጨመረ፦ ከላይ ያለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ስለ ባለቤቴ የተጻፈውን «ልሰርዘው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እንዳለ እንዲሆን ያልኩት እኔ ነኝ።